ለቅሶና ሰርግ በአንድ ደረጃ

ይህ የሆነው አምና ነው፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ጀሞ ውስጥ በየግቢው ድንኳን በሚተከልበት የሰርግ ሰሞን። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ሰው ስለሞተ ወይም ሰርግ ስለነበረ አይደለም። አንድ ቤት ሙሉ ቅን ሰዎች ተሰብስበን፣ አንዳችም ክፉ ሐሳብ ሳይኖረን፣ አንዲትን ሴት በሐዘኗ ቀን ልንሰብራት ምንም አልቀረንም ነበር። እሱ ነው የሚከነክነኝ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። እኛ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ በሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ደረጃውን የሚወጣውንም የሚወርደውንም ወደድኩም ጠላሁም አያለሁ። የግቢው ዕድር ንብረት ያዥም ነኝ፤ የወንበሩ፣ የድስቱና የድንኳኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ስለዚህ ሰርግም ሲሆን ለቅሶም ሲሆን መጀመሪያ የምትጠራው አስናቀች ናት። ስብሰባ ግን አልወድም። ሰው ሌላውን ሊሰማ ሳይሆን የራሱ ተራ እስኪደርስ ሊጠብቅ የሚቀመጥበት ቦታ ይመስለኛል። ይህንንም ፊት ለፊት ስለምናገር የዕድራችን ሰብሳቢ ሻምበል ጌታሁን ብዙም አይወዱኝም።

ታሪኩ በእኛ ደረጃ ላይ የሚኖሩ የሁለት ቤተሰቦች ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ነስሩና ሚስቱ ዘይነባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ታደሰና ሚስቱ ወርቄ ይኖሩ ነበር። ጋሽ ነስሩ ዋናው መንገድ ዳር ምስማር፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ቤቱ ደርሶን ከገባንበት ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ነበሩ ማለት ይቻላል። የወርቄ ልጅ ማህሌት ከትምህርት ቤት ስትመጣ የምትገባው ዘይነባ ቤት ነበር፤ እናቷ ከሥራ እስክትመለስ እዚያ በልታ፣ እዚያ አጥንታ፣ አንዳንዴም እዚያው ተኝታ አደገች። እጮኛዋ ሽማግሌ በላከ ጊዜ ከታደሰ ጎን ተቀምጠው "ልጃችንን ሰጥተናል" ካሉት ሰዎች አንዱ ጋሽ ነስሩ ነበር።

ሰርጉ እሁድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ተተክሎ፣ ነጭና ወርቃማ ጨርቁ ተሰቅሎ አልቋል። የጋራ ማብሰያና መሰብሰቢያ ቤታችንን ኮሚናል ነው የምንለው፤ ከኮሚናሉ ጀርባ ሁለት በጎች ታስረዋል። ለክርስቲያኑ እንግዳ በሬ ቀድሞ ታርዷል። በጎቹ ለሙስሊሙ እንግዳ ናቸው፤ የሚያርዳቸው ጋሽ ነስሩ፣ ድስቱን የምትመራው ደግሞ ዘይነባ ነበረች። እኛ ግቢ ሰርግ እንዲህ ነው፤ ሥጋው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው።

ጋሽ ነስሩ ከንጋት ሶላት ተመልሶ "ትንሽ ልረፍና በጎቹ ጋ እወርዳለሁ" ብሎ ጋደም እንዳለ አልተነሳም።

የዘይነባን ጩኸት ስሰማ የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የሮጥኩት። ደረጃው ላይ ወርቄን አገኘኋት፤ በባዶ እግሯ፣ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ እየወረደች ነበር። ሁለታችንም ስንገባ ነገሩ ያለቀለት ነበር።

ከቀትር ሶላት በኋላ ተቀበረ። አስከሬኑን ተሸክመው በዚያ ጠባብ ደረጃ ካወረዱት ሰዎች መካከል ከፊት የነበረው ታደሰ ነው። በማግስቱ ልጁን የሚድር ሰው አይመስልም ነበር።

ችግሩ የመጣው ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ ነው። ለቀስተኛው መጉረፍ ጀምሯል፤ የሚቀመጥበት ግን የለም። የቀረው ግቢ የመኪና ማቆሚያ ስለሆነ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ አበባ የተንጠለጠለበት የሰርግ ድንኳን ቆሟል። ከድንኳኑ የባሰው ደረጃው ነው። ማህሌት በማግስቱ ከአራተኛ ፎቅ ስትወርድ በዘይነባ በር ሳታልፍ መውጣት አትችልም፤ ሌላ መውረጃ የለም። ሰርገኛ እየጨፈረ በለቅሶ ቤት በር ሲያልፍ አስቡት።

ሻምበል ኮሚናሉ ውስጥ ሰበሰቡን። የሟች ትልቅ ልጅ ሙባረክ አለ፤ ታደሰ አለ፤ የዕድሩ ሰዎችና የየፎቁ ጎረቤት አለ። ለሟች በዝምታ ቆመን ተቀመጥን። ሻምበል "አጀንዳው አንድ ነው" ሲሉ ሙባረክ እጁን አወጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ሰርጉ እንዳይነካ" አለ። "ለቅሶውን ፉሪ አጎቴ ቤት እናደርገዋለን። ግቢው ሰፊ ነው። እናቴንም ዛሬውኑ እወስዳታለሁ።"

ታደሰ ከመቀመጫው ተነሳ። "ነስሩ ከዚህ ቤት ወጥቶ ለቅሶው ፉሪ ሊሰደድ? እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም። ሰርጉ ይራዘም።"

"ጋሽ ታደሰ፣ ተው። አባቴ ቢሰማ አይወድም።"

"እንዴት ይራዘማል?" አለ አንዱ ጎረቤት። "በሬው ታርዷል፤ ዘመዱ ከየአገሩ ገብቷል።"

"እንግዲያው ልጄ መካኒሳ አቦ እህቴ ቤት ሄዳ ከዚያ ትወጣለች" አለ ታደሰ። "ድንኳኑን አሁኑኑ ነቅለን እንወስደዋለን።"

"አይሆንም" አለ ሙባረክ።

"ይሆናል" አለ ታደሰ።

እንዲህ ያለ ጠብ አይቼ አላውቅም። ሰው ጥቅሙን ለማስከበር ሲጣላ ብዙ አይቻለሁ፤ "የምጎዳው እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ብሎ ሲጣላ ግን ያን ዕለት ነው ያየሁት። ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። ቀጥሎ ጎረቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ "የልጅ ሰርግ አንድ ጊዜ ነው" ሲል ሌላው "ሞትስ ስንት ጊዜ ነው?" ይላል። ዕድሩን ጥሎ ፉሪ ድረስ ለቅሶ የሚያስቀምጥ ግቢ ነን ወይ የሚል ተነሳ፤ ሙሽራ ከቤቷ የሚያባርር ግቢ ነን ወይ የሚልም ተነሳ። ቆይቶ ከሁለቱ ባለጉዳዮች ይልቅ ሌሎቻችን ነበርን የምንጮኸው። ከባለጉዳዮቹ አንዱ አባት ነው፤ አንዱ ልጅ ነው። ዘይነባ ፎቅ ላይ ቤቷ ናት። ወርቄና ማህሌትም እዚያው ፎቅ ላይ ቤታቸው ናቸው። ይህን ያን ጊዜ ማንም አላሰበውም፤ እኔም አላሰብኩትም።

በመጨረሻ ሻምበል ጠረጴዛውን መቱና "በድምፅ እንለየው፤ እጅ አውጡ" አሉ። የታደሰ ሐሳብ አለፈ፤ ሙሽራዋ ከመካኒሳ ትወጣለች፣ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ቦታው ለለቅሶው ይሆናል። ማብቂያው ላይ ሙባረክም እጁን አወጣ። ከታደሰ ጋር ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ እኛም አብረን አለቀስን። ስብሰባ አልወድም ያልኩት ሴትዮ ሳልቀር "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አለን" ብዬ ነው የወጣሁት።

"አስናቀች፣ አንቺ ሴት ነሽ፤ ውሳኔውን ለወይዘሮ ዘይነባ አድርሺ" አሉኝ ሻምበል።

ወጣሁ። ሳሎኑ ፍራሽ ተነጥፎበት ሴቶች ተደርድረዋል። ዘይነባ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ዝቅ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ምስጋና ነበር የጠበቅኩት።

"ከመካኒሳ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"በዚህ አታልፍም?"

"አታልፍም። አንቺን እንዳይከፋሽ ብለን ነው።"

ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበች። "እኔን እንዳይከፋኝ ነው ወይስ እኔ ገፊ ስለሆንኩ ነው?" አለችኝ።

ገፊ የምትለው ቃል ባሏ ለሞተባት ሴት ቀላል ቃል አይደለችም። የቀረበችው ሰው ሁሉ አይበረክትም እንደማለት ነው።

"በእጄ ያሳደግኳት ልጅ ናት" አለች ዘይነባ። "እሱ 'ሰጥተናል' ብሎ የዳራት ልጅ ናት። በሞት ቤት በር እንዳታልፍ ሰፈር ቀየሩላት። ይሁን። ገብቶኛል በያቸው።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቤት ስወጣ ደሜ ፈልቶ ነበር። በማን እንደተናደድኩ አላወቅኩም፤ በሻምበል፣ በታደሰ፣ በራሴ፣ በሁላችን። ወደ ኮሚናሉ ግን አልወረድኩም፤ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ማህሌት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ወገቡን ያጠበብኩላት ቬሎ ሻንጣ ውስጥ እየገባ ነው። ፊቷ አባብጧል።

"እትዬ አስናቁ፣ እማ ዘይነባ ቤት መውረድ እፈልጋለሁ፤ አትውረጂ አሉኝ" አለችኝ። "እኔን ማን ጠየቀኝ? ከገዛ ቤቴ እንደ ዕቃ ሊያወጡኝ ነው።"

ወርቄን እጇን ይዤ ማድ ቤት አስገባኋትና ዘይነባ ያለችውን ነገርኳት። ይሄን ስትሰማ "ኧረ በጭራሽ፣ ምን ሆና ነው?" ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። የቧንቧውን ውሃ ከፍታ እጇን ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች።

"እውነቱን ልንገርሽ?" አለችኝ። "ፈርቻለሁ። ታደሰ መካኒሳ ብሎ ሲነግረኝ ደስ ነው ያለኝ። ሙሽራ ሬሳ በወጣበት በር አልፋ ስትወጣ… እኔ አላምንበትም እኮ። ግን ልጄ ናት። ፈራሁ።"

ዘይነባ የጠረጠረችው እውነት ነበር ማለት ነው። እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ቆሜ ሁለት ነገር አሰብኩ። አንዱ ወርጄ "ወርቄ እንዲህ አላሰበችም" ብዬ መዋሸት ነው። ሌላው ዝም ብዬ ድንኳኑን ማስነቀል ነው። ብዋሽ ዘይነባ ፊቴን አይታ ታውቀኛለች። ዝም ብልም እነዚህ ሁለት ሴቶች ከዚህ በኋላ ደረጃው ላይ ሲተላለፉ "እንደምን አደርሽ" ብቻ የሚባባሉ ጎረቤቶች መሆናቸው ነው። እንዲያ ያለ ጎረቤት አውቃለሁ። ለዓመታት ሰላም ይባባላል፣ ምን እንደሆነ ግን አንዱ ለሌላው አይናገርም።

"እኔ ከእንግዲህ የማንንም መልእክት አላደርስም" አልኳት። "ውረጂና ራስሽ ንገሪያት።"

"ፈርቻለሁ ብዬ?"

"ፈርቻለሁ ብለሽ።"

አንገራግራ፣ አልቅሳ፣ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አጣፍታ ወረደች። ዘይነባ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችንና በሩን ዘጋሁት። ወርቄ ቀድማ የሐዘን ነገር ልትናገር ሞከረች፤ አልመጣላትም። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ "ፈርቼ ነው ዘይነባ። አንቺን ጠልቼ አይደለም። ለልጄ ፈርቼ ነው" አለቻት።

እኔ ወለሉን ነበር የማየው።

"ይሄን ከመጀመሪያው ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለች ዘይነባ። "እኔም የፈራሁት አለኝ። ነገ ከበሮው በደጄ ላይ ሲመታ ልጅሽን እንዳልጠላት ፈርቻለሁ። እሱ የተኛበትን አልጋ እያየሁ እልልታ ብሰማ፣ እንዳልረግም ፈርቻለሁ።"

ወርቄ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ተያይዘው አለቀሱ። ለቅሷቸው ሲበርድ ኮሚናል ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ሰብስበን ያልተወጣነውን ነገር ሁለቱ ጨረሱት። ዘይነባ የምትፈልገው ጥቂት ነበር። ከበሮና እልልታ ሰርገኛው ከግቢው በር እስኪወጣ አይሰማ። ለቀስተኛዋ ሜዳ ላይ አይቀመጥባት። ማህሌት ደግሞ ከገዛ ቤቷ ትውረድ፤ ስትወርድም ገብታ እንደማንኛዋም ሙሽራ ጉልበት ስማ ትሰናበታት።

"ባትፈልጊ ግን አላስገድድሽም" አለቻት ወርቄን። "ፍርሃትሽ ይገባኛል።"

"እፈራለሁ" አለች ወርቄ። "ግን ትግባ።"

ለድንኳኑ መላ ያገኘችው ማህሌት ናት፤ ጠርተን ስንነግራት። "ለምን ይነቀላል? ጨርቁንና አበባውን ብቻ አውርዱለት። ዛሬ የጋሽ ነስሩ ይሁን፤ ነገ የእኔ።" በጎቹንም ሰጠቻቸው። የጋሽ ነስሩ ወንድም ከፉሪ መጥቶ አረዳቸው፤ ከዚያው ሥጋ ቅዳሜ ለቀስተኛው በላ፣ እሁድ የሙስሊሙ ሰርገኛ በላ።

ሻምበልን ማሳመኑ ነበር የቀረኝ። "በድምፅ የጸደቀ ጉዳይ ነው፤ ለመሻር ስብሰባ ያስፈልጋል" አሉኝ። "ሻምበል፣ ባለጉዳዮቹ ተስማምተዋል" አልኳቸው። "ባለጉዳዮቹማ እዚያ ነበሩ" አሉ። "አልነበሩም" አልኳቸው። አፍጥጠው አዩኝ፤ ኋላ ግን ራሳቸው መሰላል ይዘው ጨርቁን ሲያወርዱ ነበር። ታደሰና ሙባረክም ሲሰሙ ሁለቱም እፎይ አሉ። ሁለቱም ያቀረቡትን ሐሳብ ራሳቸው አልፈለጉትም ነበር፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው።

እሁድ ረፋዱ ላይ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጣ። በሩ ላይ የሚዘፈነው፣ ሴቶቹ አናስገባም የሚሉበት፣ ሁሉም ቀረ። ወጣቶቹ በአዲስ ጫማቸው አራት ፎቅ በጸጥታ ወጡ። በየፎቁ በር ተከፍቶ ሰው ቆሟል። ማህሌት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ስትወርድ የሚሰማው የልብሱ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔ የልብሱን ጭራ ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ወርቄ ከጎኔ የደረጃውን ብረት ጨብጣ ትወርዳለች። ፍርሃቱ አልለቀቃትም። እንደፈራች ነው ልጇን ይዛ የወረደችው።

የዘይነባ በር ተከፍቷል። ማህሌት ገባች። ፍራሹ ላይ የነበሩት ለቀስተኞች መንገድ ለቀቁላት። ያን ሁሉ ነጭ ልብስ ይዛ ዘይነባ ፊት ተንበረከከችና ጉልበቷን ሳመች። አንዱን ስማ ልትነሳ ስትል ዘይነባ ትከሻዋን ያዘቻት።

"ያ የእኔ ነው" አለቻት። ሌላኛውን ጉልበቷን አስጠጋችላት። "ይኸኛው የእሱ ነው። የእሱንም ሳሚ።"

ማህሌት ሳመች። እንባዋ የተቀባችውን ሁሉ አጠበው። ሙሽራውም ከኋላዋ ተንበርክኮ ሳመ። ዘይነባ ሁለት እጇን ዘርግታ "አላህ ትዳራችሁን ያሳምረው፤ ውለዱ፣ ክበዱ" አለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም "አሜን" አለ። ያን ጊዜ ወርቄን አየኋት፤ ብረቱን ለቅቃ በሩ ላይ ቆማለች።

ሰርገኛው ግቢውን ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ከበሮው ሲጀምር ከሩቅ ሰማን። እኔ ዘይነባ አጠገብ ቀርቼ ነበር። እጄን ያዘችና ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ጨብጣ ቆየች።

አሁን ይህን ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ድንጋጤ ነው። ያን ቅዳሜ ውሳኔውን ነግሬያት፣ እሷም "ይሁን" ብላ፣ እኔም ወርጄ ድንኳኑን አስነቅዬ ቢሆን፣ ሁላችንም ትልቅ ደግነት እንደሠራን አምነን እንተኛ ነበር። ዘይነባ ግን ባሏንም ልጇንም በአንድ ቀን አጥታ ታድር ነበር። ለእሷ ብለን፣ እሷን ሳንጠይቃት።

ስብሰባ አሁንም አልወድም፤ አሁን ግን አልቀርም። ሰው ስለሌላ ሰው መናገር ሲጀምር ተነስቼ "እሷ ራሷ የት አለች?" እላለሁ። ሻምበል "ሥነ ሥርዓት፣ ወይዘሮ አስናቀች" ይሉኛል። አልቀመጥም። ሰውዬው ወይም ሴትየዋ እስኪጠሩ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ።